ጥሬ፣ ውሃ ወይስ ተክል? የሐዋሳ ግቢ ወፎችን ለመርዳት የቱ ይሻላል

ግቢያቸው ለሚመጡ ወፎች አንድ ነገር ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ጥሬ መበተን ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ካሉት መንገዶች ሁሉ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ነው። ውሃ ማስቀመጥ ከዚያ ይቀላል። ተክል መትከል ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ከሁሉም የበለጠ ይረዳል። እነዚህንና ሌሎች መንገዶችን ላወዳድርላችሁ፤ የትኛው ለየትኛው ግቢ እንደሚሆንም የራሴን ሐሳብ እነግራችኋለሁ።

ማን ነው የሚመጣው?

ሐዋሳ በወፍ የታደለች ከተማ ናት። ሐይቁ አለ። በሐይቁ ዳር የቆሙ ትልልቅ ዋርካና ሾላዎች አሉ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ እንሰት፣ ቡናና ዋንዛ የተቀላቀሉበት የሲዳማ ጓሮ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እኛ ግቢ የሚገቡት ከነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም ምግባቸው ይለያያል፤ ምርጫችንን መወሰን ያለበትም ይኼው ነው።

ጥሬ የሚበሉት ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ዋኔ፣ ከሣር ጎጆ የሚጠልፉት ቢጫዎቹ ወፎች፣ እንዲሁም ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያላቸው አውራ ጣት የሚያህሉ ጥቃቅን ወፎች ናቸው። ፍሬ የሚወዱት ሌሎች ናቸው። ማለዳ ቀድማ የምትጮኸው ጭንቅላቷ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ፣ ረጅም ጭራ ኖሯቸው በመንጋ ፓፓያ ላይ የሚንጠለጠሉት፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው በሰማያዊ የሚያብረቀርቁት፣ ግንባሯ ቀይ የሆነ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን። ይህችኛዋ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የትም አትገኝም። አፉ ላይ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር የተደፋበት፣ ሲበር ክንፉ የሚጮኸው ጥቁርና ነጭ ወፍም ፍሬ ፈላጊ ነው። ቀጭንና ጎበጥ ያለ አፍ ያላቸው ጥቃቅኖቹ የአበባ ወለላ ይመጣሉ። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች አሉ። ሣር ላይ እየሮጠች ጭራዋን ቶሎ ቶሎ የምታወዛውዘው ቢጫ ወፍ ከነሱ አንዷ ናት። ምግቧ ነፍሳት ነው። አንድ ኩንታል ማሽላ ብትበትኑላትም አይጠቅማትም።

ውሃ

አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ውሃ አስቀምጡ። ጥሬ በሉም፣ ፍሬ በሉም፣ ነፍሳት አዳኙም ውሃ ይፈልጋል። ከመጠጣት አልፎ ይታጠብበታል። ላባው ያልጸዳ ወፍ በደንብ አይበርም፤ የሰውነቱን ሙቀትም በቅጡ አይጠብቅም። ጥሬ የሚበሉት ደግሞ ምግባቸው ደረቅ ስለሆነ ውሃ የግድ ነው።

«ሐይቁ እዚያው አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ራሰ በራ ለሆነው ትልቅ ወፍ ለአባ ኮዳና ለዓሣ አዳኞቹ እውነት ነው። ታቦር ተራራ ሥር ወይም አቶቴ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ ጫጩት ለምትመግብ ድንቢጥ ግን ሐይቁ ሩቅ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ሲጠፋና አቧራው ሲነሳ በአቅራቢያ ያለ ንጹሕ ውሃ ትልቅ እርዳታ ነው።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። ከሁሉም የሚሻለው ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ሳህን ነው። ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ሻካራ ስለሆነም እግር አያንሸራትትም። የፕላስቲክ ሳፋ ብዙ ቤት ይገኛል፤ ግን ጥልቅና ሙልጭልጭ ስለሆነ ትንሽ ወፍ ገብታ መውጣት ሊያቅታት ይችላል። ሌላ ከሌላችሁ ውስጡ ድንጋይ ደርድሩና ውሃው ከድንጋዩ በላይ ጥቂት ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ጠርዙ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ቢበዛ አምስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሲሚንቶ ላሰሩም ያው ልኬት ነው። ብዙ ሰው የሚያሠራው የግቢ ፏፏቴ ለዓይን ያምራል። ጥልቅ ከሆነና ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከወረደ ግን ወፍ አይጠቀምበትም።

ቦታው ላይ አስቡበት። ከቁጥቋጦ ወይም ከዛፍ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። በጣም ከቀረበ ድመት ቅጠል ውስጥ አድፍጣ ትጠብቃለች። በጣም ከራቀ ደግሞ ጭልፊት ሲመጣ ወፉ የሚገባበት ያጣል። ግቢያችሁ ድመት የሚበዛበት ከሆነ ሳህኑን በሰው ደረት ቁመት ልክ በቆመ ግንድ ላይ አድርጉት። ወፎች የሚያድሩበት ቅርንጫፍ ሥር አታስቀምጡት፤ ኩሳቸው ይወድቅበታል።

የውሃ ትልቁ ጣጣ ትንኝ ነው። ሐዋሳ ወባ የሚያሰጋት ከተማ ስለሆነች ይህን በቀላሉ አልፈው አልሄድም። በእኛ ሙቀት ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃታል። በዚያ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ውስጥ በታንከርና በበርሜል ንጹሕ ውሃ መራባት ትችላለች። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ውሃውን በየቀኑ ድፉ፣ ሳህኑን በብሩሽ ፈትጉ፣ አዲስ ቅዱ። አንድ ቀን ቢዘለል ችግር የለውም። ሳምንት ግን አይዘለልም። ለዕረፍት ስትሄዱ የሚቀይር ሰው ከሌለ ሳህኑን ገልብጡት። ይህን ማድረግ የማይችል ቤት ውሃ ባያስቀምጥ ይሻላል። በሳምንት አንዴ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፤ በደንብ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ተክል

መሬቱ የራሳችሁ ከሆነ ዋናው መልስ እዚህ ነው። ተክል ፍሬ፣ አበባ፣ ጥላ፣ መደበቂያና ጎጆ መሥሪያ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ነፍሳት ያመጣል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር ራሳቸው ጥሬ የሚበሉት ድንቢጥና ጎጆ ጠላፊ ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬና በሌሎች ነፍሳት መሆኑ ነው። ጥሬ ያለበት ነፍሳት የሌለበት ግቢ ጫጩት አያሳድግም።

የቱን ልትከል? ከአገር ዛፎች ሰፊ ግቢ ላለው ዋንዛን አስቀድማለሁ። ፍሬውን ልጆችም ወፎችም ይወዱታል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ጥላው ለቡና ይሆናል። ብሳናም ጥሩ ነው። ወይራ ፍሬው በወፍ የተወደደ ነው፤ እድገቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋርካና ሾላን በተመለከተ ሐሳቤ ለየት ይላል። ለወፍ ከነሱ የሚበልጥ ዛፍ ሐዋሳ ላይ የለም። ባለ ቀንዱ ትልቅ ወፍም ትንሿ በቀቀንም የሚሰበሰቡት እዚያ ላይ ነው። ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ላይ ግን አይተከሉም። ሥራቸው አጥር ይሰነጥቃል፣ ቧንቧ ይገፋል። ስለዚህ በግቢያችሁ አትትከሉ፤ በሰፈራችሁ የቆመ ካለ ግን እንዳይቆረጥ ተከራከሩለት። አንድ ያረጀ ዋርካ የሚመግበውን ወፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥሬ ቢበትን አይመግበውም።

ባሕር ዛፍን ለወፍ ብሎ መትከል አያዋጣም። ፍሬው የሚበላ አይደለም፤ ሥሩም ሌላ ነገር እንደልብ አያበቅልም። ከውጭ ከመጡት ግራቪሊያ ይሻላል፤ ብርቱካናማ አበባው ወለላ ስላለው ጥቃቅኖቹን ይስባል። ቦትል ብራሽም እንዲሁ።

ለጠባብ ግቢ ደግሞ እሬትና ራስ ክምር ትከሉ። ሁለቱም ረጅምና ቱቦ መሳይ አበባ አላቸው፤ ለቀጭን አፍ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ውሃ ብዙ አይፈልጉም። እሬት በአበባ ማሰሮ ውስጥም ይበቅላል።

ፓፓያ፣ ዘይቱናና ሙዝ ያላችሁ ሰዎች ከወፍ ጋር ትጣላላችሁ፤ ያ ግልጽ ነው። እኔ የምመክረው ስምምነት አለ። ለቤት የምትፈልጉትን የፓፓያ ፍሬ ገና ሳይበስል በጨርቅ ከረጢት ሸፍኑት። ከላይ ያሉትን አንድ ሁለቱን ለወፍ ተዉ። መረብ መዘርጋት ያለ ነገር ነው፤ ልል ሆኖ የተንጠለጠለ መረብ ግን ወፍ ያንቃል። መረብ ካላችሁ ወጥራችሁ እሰሩት።

አንድ ተክል ግን አትትከሉ፤ የወፍ ቆሎ የሚባለውን። ወፎች ጥቁር ፍሬውን መውደዳቸው እውነት ነው። ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ዘሩን ይዘው ሄደው በየግጦሹ ያበቅሉታል። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው፣ አንዴ ከያዘ መሬት አይለቅም። አጥራችሁ ላይ ካለ ቀስ በቀስ በሂቢስከስ ወይም በሌላ ቁጥቋጦ ተኩት።

ጥሬ

ጥሬ መስጠት ክፉ ነገር አይደለም። ውጤቱ ወዲያው ይታያል፣ ልጆች ይደሰታሉ፣ በበጋ ወራት የሚጠቅመው ወፍም አለ። ግን ከግቢ ግቢ ይለያል። ጥቂት ጉዳዮችን ሳታዩ አትጀምሩ።

የመጀመሪያው ዶሮ ነው። ዶሮ የምታረቡ ከሆነ የወፍ ጥሬ ግቢያችሁ ውስጥ አይበተን። ርግብና ሌሎች የዱር ወፎች ከዶሮ ጋር ከአንድ ቦታ ሲለቅሙና ሲጠጡ ፈንግልን የመሰለ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ፈንግል የገባበት ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል። የዶሮውን መኖ ራሱ ክዳን ባለው ቦታ ስጡ፣ ማታ የተረፈውን አንሱ። የወፍ ውሃውም ዶሮ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ጦጣ ነው። በተለይ ሐይቅ ዳርና አሞራ ገደል አካባቢ የምትኖሩ ይህን አትርሱ። በቆሎና ዳቦ ያየ ጦጣ ነገ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ወጥ ቤት ይገባል። ጎጆ ካገኘ እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ወፍ እረዳለሁ ብሎ ጦጣ መጥራት ለወፏም ጉዳት ነው። የዓሣ ትርፍራፊና ሥጋም ወደ ውጭ አትጣሉ፤ አባ ኮዳን ከሰው እጅ ማስለመድ ለማንም አይበጅም።

ሦስተኛው የሚሰጠው ነገር ራሱ ነው። የሚሆኑት ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ ዳጉሳ፣ የተፈጨ ሳይሆን የተከካ በቆሎ፣ ጨው ያልነካው ሱፍና ለጥቃቅኖቹ ጤፍ ናቸው። እህል ስታበጥሩ ከሰፌዱ የሚወድቀው ደቃቅ ለዚህ ምርጥ ነው፤ በዚህ የእህል ዋጋ ለወፍ ብሎ ማሽላ መግዛትም አያስፈልግም። ጨው ያለበት ቆሎ አይሆንም። ወጥ የነካው እንጀራም አይሆንም፤ ጨውና ዘይቱ ይጎዳል። ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። የሻገተ ነገር፣ እህልም ድርቆሽም፣ በፍጹም አትስጡ። ሻጋታው ለዶሮ እንደሚያሰጋ ሁሉ ለወፍም ያሰጋል።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ለዘር የተዘጋጀ በቆሎ ወይም ስንዴ ብዙ ጊዜ በኬሚካል የተቀባ ነው፤ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ታጥቦም ለወፍ አይሰጥም። ነቀዝ ለመከላከል በመድኃኒት የታጠነ እህልም እንዲሁ። ከዘር የተረፈውን ግቢ መድፋት ወፎቹን በጅምላ መግደል ነው።

መጠኑ ትንሽ ይሁን። ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይቆይ። ማታ መሬት ላይ የተረፈ ጥሬ የአይጥ እራት ነው። ማስቀመጫውን እንደ ውሃው ሳህን በበረኪና እጠቡት። ላባዋን ነፍታ የተኮማተረች፣ ስትቀርቧት የማትበር ወፍ ካያችሁ በሽታ አለ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት መመገብ አቁሙና ዕቃውን ሁሉ አጽዱ።

አንዳንድ ሰው ጥሬ ከሰጠሁ ግሪሳ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ግሪሳ በስምጥ ሸለቆ የማሽላ ገበሬ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ግሪሳ ሜዳ ላይ በሺዎች ሆኖ የሚዘዋወር ወፍ ነው፤ የሚፈልገው የደረሰ ማሳና የዱር ሣር ዘር ነው። ከተማ ግቢ ውስጥ የምትበተን አንድ እፍኝ ጥሬ እሱን አትጠራም። ግቢያችሁ ከማሽላ ማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ግን ጥሬውን ተዉት።

ስኳር ውሃና ፍራፍሬ

አበባ መጣጮቹን ለማቅረብ ስኳር ውሃ የሚሰቅሉ አሉ። አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ፣ ቀለም ሳይጨመር። ማር አይደረግም፤ ቶሎ ሻጋታ ያበቅላል። በሐዋሳ ሙቀት በየቀኑ መቀየር አለበት፣ ጉንዳንና ንብም ይወረዋል። እውነቱን ለመናገር ስኳሩን ለሻይ አስቀምጡትና እሬት ትከሉ። አበባ በየቀኑ መታጠብ አይፈልግም፤ ወፎቹም እዚያው ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳት ያገኛሉ።

የበሰለ ፓፓያ ወይም ሙዝ ቆርጦ ቅርንጫፍ ላይ መሰካት ግን ደስ የሚል መንገድ ነው፤ ጦጣ ከሌለ። ማታ ይነሳ። አቮካዶ አታቅርቡ። ሲዳማ ውስጥ በየጓሮው የሞላ ስለሆነ ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ ቤት ውስጥ በሚያዙ ወፎች ላይ ግን መርዝነቱ በደንብ የታወቀ ነው። ዛፉ ለጥላና ለጎጆ ጥሩ ነው፣ ፍሬው ለሰው ይሁን።

ጎጆ

ከእንጨት የተሠራ የወፍ ቤት መስቀል ያምራል፤ ጥቅሙ ግን ጠባብ ነው። ሳጥን የሚገባው ቀድሞውኑ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍል ወፍ ብቻ ነው፤ እንደ ድንቢጥና እንደ አብረቅራቂዎቹ ሰማያዊ ወፎች። ሌሎቹ ቅርንጫፍ ላይ ይሠራሉ ወይም ይጠልፋሉ። ሳጥን የምትሰቅሉ ከሆነ ከፊት መቆሚያ እንጨት አታድርጉበት፤ የሚጠቀምበት አዳኙ ነው። የቆርቆሮ ሳጥን ደግሞ ፀሐይ ላይ ምጣድ ይሆናል።

ከሳጥን ይልቅ ምንም ወጪ የሌለውን መንገድ እመርጣለሁ። የደረቀ ወፍራም ቅርንጫፍ ሰው ላይ የማይወድቅ ከሆነ አትቁረጡት። ግንደ ቆርቁር ይቦረቡረዋል፤ እሱ ሲለቅ ሌላው ይገባበታል። ባለ ቀንዱ ትልቅ ወፍ የሚፈለፍለውም ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሴቷ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱ በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ እሷንም ጫጩቱንም ይመግባል። ያን የሚያህል ቀዳዳ ያለው ዛፍ በሰው ዕድሜ አይተካም።

ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ የሣር ጎጆዎችንም አታውርዱ። ወንዱ ይጠልፋል፤ ሴቷ መርምራ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ባዶ የመሰለው አሮጌ ጎጆ ለሌሎች ጥቃቅን ወፎች ቤት ይሆናል። ለመጥለፊያ ብለው የዘንባባና የሙዝ ቅጠል መተልተላቸው አይቀርም። ቅጠሉ ይበቅላል። አጥርና ዛፍ መከርከምም በዝናብ ወራት ባይሆን ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ የሚፈለፍሉት ያኔ ነው።

የእናንተ ግቢ የቱ ነው?

የተከራያችሁ ከሆነና ግቢው የጋራ ከሆነ ውሃ ይበቃል። ከአከራይ ጋር አያጣላም፣ ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። በየቀኑ የሚቀይረው ሰው ግን ተለይቶ ይታወቅ። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ሳህን ማንም አያየውም።

የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ በዝናብ መግቢያ ላይ ተክሉን ትከሉ፣ ውሃውን ዛሬ ጀምሩ። ጥሬውን በደረቁ ወራት ብቻ ጨምሩበት። ዶሮ ካለ ጥሬው ይቅር። ከተክል ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ግዴታ አለ፤ ፀረ ተባይ መርጨት መቀነስ። ጎመን ላይ የሚረጨው መድኃኒት ለጫጩት የሚሆነውን አባጨጓሬ ይጨርሳል። የአይጥ መርዝም የበላችውን አይጥ ጉጉት ስትበላ እሷም ትሞታለች፤ በምትኩ ወጥመድ ተጠቀሙ።

ሐይቅ ዳር ያላችሁ ውሃና ተክል ብቻ ያዙ። ጦጣው ስለማይቀር ምግብ የሚባል ነገር ውጭ አታስቀምጡ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ለምትኖሩ ሁለት ማሰሮ እሬትና አንድ የሸክላ ሳህን በረንዳ ላይ ይበቃሉ። ጥሬ በረንዳ ላይ አይሆንም፤ ርግብ ብቻ ይሰበስባል፣ ኩሱም ታች ላለው ጎረቤት ነው። የመስኮታችሁ መስታወት ሰማይና ዛፍ የሚያሳይ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት እሱን አስተካክሉ። ወፍ ክፍት ቦታ መስሏት ትጋጫለች። ከውጭ በኩል በአምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጭ ነጠብጣብ ወይም መስመር አድርጉበት። ከውስጥ መጋረጃ መዝጋት ብዙ አይረዳም፤ ነጸብራቁ ያለው ውጭ ነው። አንድ ተለጣፊ ሥዕል መሐል ላይ መለጠፍም አይበቃም፤ ወፏ በጎኑ አልፋ ለመሄድ ትሞክራለች።